አንድ የዶከር ኢሜጅ ለኢንቴልም ለአርምም እንዲሆን አድርጎ እንዴት እንደሚሠራ

አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ኤም1 ቺፑን ካወጣ ወዲህ ብዙ ፕሮግራመሮች አርም ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ነው የሚሠሩት። ሰርቨሩ ግን ብዙ ጊዜ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። የዶከር ኢሜጅ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል ነው፤ ከዚያ ተነስቶ የሚሠራው ደግሞ ኮንቴይነር ይባላል። ማክ ላይ ያለችግር የሠራ ኮንቴይነር ሰርቨር ላይ ሲደርስ «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ብሎ ቀጥ ይላል። ኮዱ ምንም አልሆነም። ኢሜጁ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የተዘጋጀው ለሌላ ፕሮሰሰር ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ለሁለቱ ፕሮሰሰሮች የተሠሩትን ሁለት ኢሜጆች በአንድ ስም ሪጂስትሪ (ኢሜጆች የሚቀመጡበትና የሚወርዱበት ቦታ) ላይ ማስቀመጥ ነው። ከስሙ ሥር ማኒፌስት የሚባል ዝርዝር ይኖራል። ኢሜጁን የሚያወርደው ማሽን ዝርዝሩን አይቶ ለራሱ የሚስማማውን ይወስዳል።

መጀመሪያ ቢልደር፣ ማለትም ኢሜጁን የሚሠራውን ክፍል፣ ፍጠሩ። ይህን የምታደርጉት ቢልድኤክስ በሚባለው የዶከር መሣሪያ ነው። ትእዛዙ «ዶከር ቢልድኤክስ ክሪኤት» ነው፤ «ዩዝ» የሚለውን ምርጫ ጨምሩበት። ዶከር ዴስክቶፕ ካላችሁ የሌላውን ፕሮሰሰር የሚያስመስለው ኪውኢሙ አብሮት ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ግን ለብቻው መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ ዶከርፋይላችሁን (ኢሜጁ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበትን ፋይል) ክፈቱና «ፍሮም» የሚለውን መስመር እዩ። የምትነሱበት ኢሜጅ ራሱ ለሁለቱም ፕሮሰሰሮች መዘጋጀት አለበት። «ዶከር ቢልድኤክስ ኢሜጅቱልስ ኢንስፔክት» ብላችሁ ስሙን ብትሰጡት ይነግራችኋል። ኢሜጁን በዳይጀስት፣ ማለትም ለይቶ በሚያሳውቀው ረጅም ኮድ፣ ከጠቀሳችሁት ደግሞ ዳይጀስቱ የዝርዝሩ እንጂ የአንዱ ፕሮሰሰር ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ይህች ስህተት ብዙ ሰው ታደክማለች።

ከዚያ «ቢልድኤክስ ቢልድ» በሉ። «ፕላትፎርም» በሚለው ምርጫ ሊኑክስ ኤኤምዲ64ን (ስሙ እንዲህ ቢሆንም ለኢንቴልም ነው) እና ሊኑክስ አርም64ን በነጠላ ሰረዝ ለይታችሁ ስጡ። መጨረሻ ላይ «ፑሽ» ጨምሩ፤ ሁለቱም በአንዴ ሪጂስትሪ ይገባሉ።

ይሠራል። ግን በኪውኢሙ ከምፓይል ማድረግ (ኮዱን ፕሮሰሰሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መቀየር) በጣም ይዘገያል፤ ትልቅ ፕሮጀክት ከሆነ ትዕግሥት ያስጨርሳል። እኔ ኪውኢሙን የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው። ጎ የመሰለ ቋንቋ የምትጠቀሙ ከሆነ ከምፓይል ለማድረግ ማስመሰል አያስፈልጋችሁም። ዶከርፋይሉ ውስጥ ከምፓይል የሚደረግበትን ደረጃ «ቢልድፕላትፎርም» በሚለው ተለዋዋጭ በራሳችሁ ማሽን ፕሮሰሰር ላይ አስሩት። ከዚያ ኢሜጁ የሚዘጋጅለትን ሲስተምና ፕሮሰሰር የሚይዙትን «ታርጌትኦኤስ» እና «ታርጌትአርች» እዚያው ደረጃ ውስጥ በ«አርግ» ትእዛዝ አስገቡና ለጎ ከምፓይለር አቀብሉት። ኮዱ በራሳችሁ ማሽን ፍጥነት ለሁለቱም ይዘጋጃል። «አርግ»ን ላይብረሪ ከሚያወርደው መስመር በታች ጻፉት፤ ማውረዱ አንዴ ብቻ ይሆናል። ጎ ውስጥ የሲ ኮድ ካለ ግን ለዚያ የሚሆን የሲ ከምፓይለርም ማዘጋጀት ግድ ነው።

ፓይተን ወይም ኖድ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ አንዳንድ ላይብረሪዎች ሲጫኑ ከምፓይል መደረግ ይፈልጋሉ። ከቻላችሁ እያንዳንዱን ኢሜጅ በየራሱ ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ሠርታችሁ በኋላ በአንድ ስም አገናኟቸው።

ሲያልቅ የራሳችሁን ኢሜጅ በዚያው «ኢንስፔክት» ፈትሹ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች መታየት አለባቸው። አጠገባቸው «አንኖውን» የሚል መስመር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ቢልድኤክስ ኢሜጁ እንዴት እንደተሠራ የሚመዘግብበት ነው።