ፊቷን ሳይሆን ጠርዟን እዩ

ትንንሽ የጦር ሜዳዮችን፣ ማለትም ደረት ላይ የሚንጠለጠሉ የወታደር ሽልማቶችን፣ መሰብሰብ ለጀመራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፎርጅድ እንዳይሸጡላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠርዛቸውን እዩ።

እነዚህ ሜዳዮች በማታ የክብር ልብስ ላይ የሚደረጉ፣ የዋናውን ትልቅ ሜዳይ ግማሽ የሚያህሉ ቅጂዎች ናቸው። የብሪታንያ የዘመቻ ሜዳይ 36 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ትንሹ 18 አካባቢ ነው። ደህናው በማተሚያ ተመትቶ ስለሚወጣ ፊደሉ ስል ነው። ከሌላ ሜዳይ ቅርጹ ተወስዶ በቀለጠ ብረት የተሠራው ግን ደብዘዝ ይላል። በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ጠርዙ ላይ ደግሞ የመጋጠሚያ መስመር ወይም የሞረድ ጭረት አይጠፋም። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር መጠኑም በትንሹ ያንሳል።

ሪባኑን በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት። ቦግ ካለ ዘመናዊ ክር ነው፣ ወይም የዛሬ ሳሙና ነክቶታል። ይሄ ብቻውን ግን ሜዳዩን ፎርጅድ አያሰኘውም፤ ሪባን ይቀየራላ።

የጀርመን ሜዳይ ላይ የናዚዎቹን ምልክት ስዋስቲካን ካጣችሁም ፎርጅድ ነው ለማለት አትቸኩሉ። ምዕራብ ጀርመን በ1957 እ.ኤ.አ. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜዳዮች ያለ ስዋስቲካ እንዲደረጉ ፈቅዳለች። በዚህ መልክ የተሠሩ ትንንሾች ሞልተዋል።

ደግሞ አብዛኞቹን ትንንሾች ተሸላሚው ራሱ ከሱቅ ስለሚገዛቸው ስም አይቀረጽባቸውም። ሻጩ «የጀግና ነበረች» ካላችሁ ወረቀት ያምጣ። ካላመጣ ለወሬው አትክፈሉ።

እባካችሁ አትወልውሏቸው። እኔ አንዷን ሳሳምር የንጉሡን አፍንጫ አጥፍቼዋለሁ።