የምታጠባ ባልደረባችሁ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት ሌላ ውሃ እንኳ አትስጡት ይላሉ። መሀል ላይ 3 ወር ቀረ አይደል? እሱ ቢሮ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አለቃም ሁኑ የሰው ሀብት፣ ሥራው የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ወተቷን የምታልብበት ክፍል ፈልጉ። ሽንት ቤት አይሆንም፤ የልጅ ምግብ ነው የሚዘጋጀው። ስቶሩን አስጠርጉት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ሶኬትና ቅርብ የእጅ መታጠቢያ ይበቃል። መስታወት ካለው መጋረጃ ይደረግበት። ቁልፉን ግን ለእሷ ስጧት። ጥበቃ ጋ ከተቀመጠ በየቀኑ "ቁልፉን አምጣ" ስትል ለምን እንደፈለገችው ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ተሸማቅቃ ትተወዋለች።

ቀጥሎ ሰዓት። በየ3 ሰዓቱ ገደማ ካልታለበ ጡት ያጋታል፣ ያማል፣ ሸሚዝ ያረጥባል፣ ሲብስ ትኩሳት ያመጣል፤ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያዙላት፣ ከምሳዋ ሳትቀንሱ። ስብሰባው "አምስት ደቂቃ ብቻ" እየተባለ ሲንዛዛ እሷ እስክትነሳ አትጠብቁ፤ ሰብሳቢው ራሱ "አንቺ ሂጂ" ይበላት። ቤቷ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሄዳ አጥብታ ትምጣ፣ ወይ ሞግዚቷ ሕፃኑን ታምጣላት።

የጡት ማለቢያ ፓምፕ የግድ አይደለም፤ በሳሙና በታጠበ እጅም ይታለባል። ወተቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆናችሁ ግን እንደታለበ ፍሪጅ ይግባ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ዕቃ፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ከምሳ ዕቃዎቹ መሀል "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ብሎ የሚከፍት አይጠፋምና ስሟም ይጻፍበት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ በረዶ የሚይዝ ቦርሳ ይኑር።

"ልትታለብ ሄደች" የምትለዋን ቀልድ የጀመረውን ሰው ደግሞ ለብቻው ጠርታችሁ አስቁሙት። እሷ ተከራክራ እንድታስቆመው አትጠብቁ።

ይህ ሁሉ ከመመለሷ በፊት ይለቅ። ሳምንት ሲቀራት ደውሉና "ስንት ሰዓት ላይ ይመችሻል?" በሏት።