ስለ ዓረቡ ዓለም ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍልስጤማዊው ኤድዋርድ ሰኢድ በ1978 እ.ኤ.አ. «ኦሪየንታሊዝም» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። አውሮፓ ስለ ዓረቡና ስለ እስልምናው ዓለም ያከማቸችው እውቀት ከገዢነቷ ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ማደጉን አሳየበት። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር ከጦሩ ጋር 160 ያህል ምሁራን አስከትሎ ነበር። ያኔ የተሳለው ምስል ዛሬም በፊልምና በዜና ቤታችን ይገባል። ስለዚህ እንጠንቀቅ።

ሥዕልን እንደ ፎቶ ማየት። የፈረንሳዊው ዤሮም ሥዕሎች እያንዳንዱ ሸክላ ተቆጥሮ የተሳለባቸው ይመስላሉ። እሱ ግን ከየአገሩ የለቀመውን ስቱዲዮው ውስጥ ይገጣጥም ነበር። የሐረም (የቤተ መንግሥት የሴቶች ክፍል) ሴቶችን በመሳል የታወቀው ፈረንሳዊው አንግር ደግሞ ምሥራቁን በእግሩ ረግጦት አያውቅም።

አላዲንን «ጥንታዊ የዓረብ ተረት» ወይም «የፈረንሳይ ፈጠራ» ብሎ መዝጋት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ያንገበግበኛል። አንቷን ጋላን «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰበት የዓረብኛ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ አላዲንም አሊ ባባም የሉም። ተረት አለቀበት። በ1709 ፓሪስ ላይ ሐና ዲያብ የሚባል የሶርያዋ ከተማ የሐለብ ወጣት አገኘ (ሐና እዚያ የወንድ ስም ነው፤ ዮሐንስ እንደማለት)። ተረቶቹን በቃሉ የነገረው እሱ ነው። ጋላን ስሙን በግል ማስታወሻው ላይ አሰፈረ፤ ባሳተመው መጽሐፍ ግን አልጠቀሰውም። ሐና ሐለብ ተመልሶ የጨርቅ ነጋዴ ሆነ፤ በስተርጅናው የጉዞ ትዝታውን ጻፈ። ጽሑፉ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኖሮ፣ የእሱ መሆኑ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ካገኛችሁት አንብቡት። ተመልካቹ የሐለብ ልጅ ነው፤ የሚታየው የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ቬርሳይ።

ምሁሩን ሁሉ የቅኝ ገዢ ተላላኪ ማድረግ። ይሄ ሰኢድን ሳያነቡ መጥቀስ ነው። የሃንጋሪው የእስልምና ጥናት ምሁር ጎልድሲኸር በ1870ዎቹ ካይሮ ሄዶ በታዋቂው የእስልምና ትምህርት ተቋም በአል አዝሃር ውስጥ ከሸኾቹ እግር ሥር ተምሯል። ሥራው ዛሬም ይጠናል። ሰኢድ ያተኮረው በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ላይ ነው፤ የጀርመንኛውን ጥናት ብዙም አልነካውም። ሶርያዊው ፈላስፋ ሳዲቅ አል አዝምም «ምዕራቡን በጅምላ መፈረጅም ያው በሽታ ነው» የሚል ሐሳብ ይዞ ሞግቶታል። እኔም በዚህ ከአል አዝም ጋር ነኝ።

«ለአውሮፓ ምሁራን ከሙስሊሙ ወገን ማንም አልመለሰላቸውም» ማለት። በ1883 ፈረንሳዊው ምሁር ኧርነስት ረናን በፓሪሱ ዩኒቨርሲቲ በሶርቦን እስልምና የሳይንስ ጠላት ነው ብሎ ተናገረ። ሙስሊሙ አሳቢ ጀማል አል ዲን አል አፍጋኒ ያኔ ፓሪስ ነበር። ንግግሩ በወጣበት ጋዜጣ ላይ በወራት ውስጥ መልስ ሰጠ፤ ክርስትና እስልምናን በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም አስታውሶ፣ ለእስልምናም ተስፋ አይነፈገው አለ።

ዓረብን ከሙስሊም ጋር አንድ ማድረግ። ብዙ ሙስሊም ያለባት አገር ኢንዶኔዥያ ናት። ሰኢድ የተወለደው ከክርስቲያን ቤተሰብ ነው፤ ሐና ዲያብም ማሮናይት (የሊባኖስና የሶርያ ክርስቲያን) ነበር። እኛም ብንሆን ጅዳንም፣ ዱባይንም፣ ቤይሩትንም «ዓረብ አገር» ብለን እንጠቀልላቸዋለን። ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች እህታችንን ብትጠይቋት ግን አሠሪዎቿ ቤት የገና ዛፍ ታስጌጥ እንደነበር ልትነግራችሁ ትችላለች።