የሁለት ሰዎች የአንቲቦዲ መጠን ለምን ይለያያል? ውጤትን ከማወዳደር በፊት መነሳት ያለባቸው ጥያቄዎች

ሁለት የሥራ ባልደረቦች ሦስቱን ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተመሳሳይ ቀናት ወስደው ደማቸውን ቢመረመሩ፣ በአንደኛው ወረቀት ላይ 850፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ 6 የሚል ቁጥር ሊሰፍር ይችላል። ባለ 6ቱ «ሰውነቴ ደካማ ነው» ብሎ ይሠጋል፤ ባለ 850ው ደግሞ ምንም በሽታ የማይደፍረው ይመስለዋል። ሁለቱም ቁጥሩ ያላለውን እያናገሩት ነው። አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል፣ ቢ ሴል ከተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚመነጭና አንድን የተወሰነ ባዕድ አካል ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ስለሆነ፣ መጠኑ የሚነግረን ስለዚያ ቫይረስ እንጂ ስለ ሰውየው አጠቃላይ ጤንነት አይደለም።

ስለዚህ ወረቀቱን ሲቀበሉ ከቁጥሩ በፊት የትኛው አንቲቦዲ እንደተመረመረ ይመልከቱ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የያዘው የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን በመሆኑ፣ ክትባቱ የሚያስገኘውም ይህንኑ ሽፋን የሚይዘውን አንቲቦዲ ነው፤ ኮር የተባለውን የቫይረሱን የውስጥ ክፍል የሚይዘው አንቲቦዲ ከተገኘ ግን ሰውየው በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር ወይም አሁንም እንደተያዘ ያመለክታል። በኮቪድም እንዲሁ፣ ስፓይክ በተባለው ፕሮቲን ላይ ብቻ የተመሠረተ ክትባት የወሰደና በበሽታው ያልተያዘ ሰው ኑክሊዮካፕሲድ የተባለውን ሌላ የቫይረሱን የውስጥ ፕሮቲን የሚይዘውን አንቲቦዲ ቢመረመር ኔጌቲቭ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ከዚህ ተነስቶ ክትባቱ አልሠራም ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ቀጥሎ ደሙ የተቀዳበትን ቀን ይመርምሩ። በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቫይረስ ሲገባ በአብዛኛው ቀድሞ የሚታየው አይጂኤም የተባለው አንቲቦዲ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው አይጂጂ ተከትሎት ይበዛል። አንድ የአይጂጂ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው፣ መጠኑ ለዓመታት የሚዘልቀው በአጥንት መቅኔ ውስጥ የተቀመጡ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሴሎች ያለማቋረጥ ስለሚያመርቱት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ዕድሜያቸው አጭር የሆነ አምራች ሴሎችም ስለሚረባረቡ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ እነርሱ ሲሞቱ በፍጥነት ይወርድና ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል። በአንደኛው ወር የተመረመረን ሰው በአሥረኛው ወር ከተመረመረው ጋር ማወዳደር እንግዲህ ትርጉም የለውም። ለሄፓታይተስ ቢ ተገቢው ጊዜ ከመጨረሻው ዙር በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ነው፤ ያን ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር የተገኘበት ጤነኛ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ከ10 ቢወርድም የማስታወስ ችሎታ ያላቸው ሴሎቹ መከላከላቸውን ይቀጥላሉ።

መለኪያውም አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የተለያዩ መሣሪያዎች የተለያየ አሃድ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ተመሳስሎ ቁጥሩ አሁንም ከተራራቀ ምክንያቱ በሰውየው ውስጥ ይፈለጋል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሱሱሙ ቶኔጋዋ የ1987 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ቢ ሴል አንቲቦዲውን የሚሠራው የጂን ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ ገጣጥሞ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንድ ዓይነት የአንቲቦዲ ስብስብ አይኖራቸውም። ኤችኤልኤ የተባሉት ጂኖች ደግሞ የትኛው የቫይረስ ቁራጭ ቢ ሴሎችን ለሚያግዙት ረዳት ቲ ሴሎች እንደሚቀርብ ይወስናሉ። ዕድሜ መግፋት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የኩላሊት ሕመም ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሚሰጠውን ምላሽ ይቀንሳሉ፤ ሪቱክሲማብን የመሰሉ ቢ ሴሎችን የሚያጠፉ መድኃኒቶች ደግሞ ለወራት ሊገቱት ይችላሉ። ያለፈ ታሪክም ዱካ ይተዋል፦ በልጅነት መጀመሪያ ያገኘን የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት በኋላ ለሚመጡት የምንሰጠውን ምላሽ ይቀርጻል። ሕፃናት ከእናታቸው በእንግዴ ልጅ በኩል የወሰዱት አይጂጂ ለወራት ስለሚቆይ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ወር በታች ሲሆን የኤችአይቪ አንቲቦዲ ቢገኝባቸው የእናትየው ሊሆን ስለሚችል የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ይደረግላቸዋል።

ብዛት ሁልጊዜ ጥበቃ አለመሆኑንም መርሳት አይገባም፤ ትንኝ በሚያስተላልፈው የደንጌ ቫይረስ ላይ በአንደኛው ዓይነት ተይዞ የተገኘ አንቲቦዲ በሌላ ዓይነት ሲያዙ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል።

ወደ ባለ 6ቱ ሰው እንመለስ። ምርመራው በትክክለኛው ጊዜ ተደርጎ ውጤቱ ከ10 በታች ከሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ክትባቱን ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው እንደገና ይውሰድ፣ ከመጨረሻው ዙር በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜም እንደገና ይመርመር። ያኔም ከ10 በታች ከሆነ ቫይረሱ ራሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ መታየት አለበት። ከሌለበትም ምላሽ ያልሰጠ ሰው መሆኑ በሕክምና መዝገቡ ይስፈር፤ ምክንያቱም በመርፌ ቢወጋ ወይም ቫይረሱ ያለበት ደም ቢነካው፣ ሳይዘገይ ሊሰጠው የሚገባው ተዘጋጅቶ የሚመጣው አንቲቦዲ፣ ማለትም ኢሚዩኖግሎቡሊን ነው።