ከፓነሉ ስር ከመዝራትዎ በፊት

ከላይ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ሶላር ፓነል፣ ከስር አትክልት። በበረሃ ከአንድ መሬት መብራትም ምግብም ማግኘት ይቻላል። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው።

ጥላን እንደ ኪሳራ ማየት

ቡና ከዋንዛ ስር ሲያድግ ላየ ሰው ይሄ ሊከብደው አይገባም። ተክል የሚጠቀምበት ብርሃን ልክ አለው። ከዚያ ያለፈው ፀሐይ ያግለዋል፣ ውሃውን ያተንበታል፣ አያሳድገውም። በአሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ፣ ባዮስፌር 2 በተባለው የምርምር ጣቢያ ይህ ተሞክሯል። ውጤቱ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ቺልቴፒን የምትባል፣ የእኛን ሚጥሚጣ የምታስታውስ ደቃቅ የዱር በርበሬ አለች፤ ከፓነል ስር ፍሬዋ 3 እጥፍ ሆነ። የቼሪ ቲማቲም ምርት በእጥፍ አደገ። ሃላፔኞ የሚባለው ቃሪያ ምርቱ ብዙም አልተለወጠም፤ በቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ግን በ65 በመቶ ቀነሰ። በበረሃ ደግሞ ውሃ ማለት ገንዘብ ነው።

ብርሃን አሳላፊውን ለመግዛት መቸኮል

የአሪዞናዎቹ ፓነሎች እኮ ተራ፣ ብርሃን የማያሳልፉ ነበሩ! ብርሃኑ በጎንና በክፍተቱ ይገባል። በከፊል የሚያሳልፈው ፓነል ያሳለፈውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ አይቀይረውም፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። ጣሪያው ለተዘጋ ግሪንሀውስ ግን እሱ ይሻላል። ሜዳ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ፓነሎቹን አራርቆ መትከልን ያስቡ።

ያገኙትን ሁሉ መዝራት

ማሽላ፣ በቆሎና ሰሊጥ ፀሐይ ወዳዶች ናቸው፤ ጥላ ይጎዳቸዋል። ሰላጣና ቆስጣ ይችሉታል።

በድሮው ፕሮግራም ማጠጣት

ጥላ ያለበት አፈር ቶሎ አይደርቅም። አሪዞና ላይ በየ2 ቀኑ ሲጠጣ፣ ከፓነል ስር ያለው አፈር እርጥበቱ ከሜዳው በ15 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። እንደ ድሮው ካጠጡ ውሃውም ይባክናል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። እጅዎን አፈሩ ውስጥ ከተው ይዩ።

ሙቀትና አቧራን መርሳት

የፓነል አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሲሊከን ፓነል 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። ፓነሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ኪሳራው ከ10 በመቶ ያልፋል። ተክሎቹ የሚያተኑት ውሃ ታዲያ ፓነሉንም ያበርድለታል። አሪዞና ላይ ከስራቸው ተክል የነበረባቸው ፓነሎች ተክል ከሌለባቸው ይልቅ ቀን ቀን 9 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዘው ነበር።

አቧራ ብርሃን አሳላፊ ፓነል ላይ ሁለት ጊዜ ይሰርቃል፤ ከመብራቱም ከተክሉም። በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል ይጠቡት። ሳሙና ካልነካው እጣቢው ወደ አትክልቱ ይፍሰስ።

ዝቅ አድርጎ መትከል

ብረት ለመቆጠብ ዝቅ ያደረገ ሰው በኋላ ትራክተር ማስገባት ያቅተዋል፤ ጎንበስ ብሎ ማረሙም ሌላ ጣጣ ነው። የባዮስፌር 2 ፓነሎች ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ነው የተተከሉት። ከፍ ሲል ግን ነፋሱም ስለሚበረታ በመሠረቱ ኮንክሪት ላይ አይሰስቱ።