በሚያዩት ነገር ሰው ከሰው የሚያገናኝ አፕ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊልም፣ ድራማና ኳስ የሚወዱ ሰዎችን የሚያገናኝ አፕ የሚሠራ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከስሌቱ ነው። ሁለት ሰዎች ያዩትን ያስተያያል፣ የጋራውን ይቆጥራል፣ በመቶኛ ያስቀምጣል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገጥማል። ድሬ ላይ ፕሪምየር ሊግ የሚያይ ሞልቷል፤ በካና የቱርክ ድራማ የሚከታተልም እንደዚያው። ሁለቱም ኳስ ያያሉ ማለት ይግባባሉ ማለት አይደለም። ሰውን የሚያቀራርበው ጥቂቶች ብቻ የሚያዩት ነው፤ የድሮ የሕንድ ፊልም፣ አኒሜ፣ የሶማሊኛ ድራማ። ስለዚህ ለየርዕሱ ክብደት ስጡ። ጠቅላላ የተጠቃሚ ብዛት ርዕሱን ባዩት ሰዎች ብዛት ይካፈልና በ10 መሠረት ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል። ከ1,000 ሰው 800ው ያየው ነገር ክብደቱ 0.1 አካባቢ ነው፤ 5 ሰው ብቻ ያየው 2.3 ይደርሳል።

መቶኛው ራሱም ያሳስታል። አንድ አንድ ርዕስ ብቻ የሞሉ ሁለት ሰዎች ያቺ አንዷ ከገጠመች 100 በመቶ ይወጣላቸዋል፤ ከ20 ርዕስ 12ቱን የሚጋሩት ደግሞ 60 በመቶ ይዘው ከታች ይቀራሉ። አካፋዩ፣ ማለት የርዕሶቹ ጠቅላላ ብዛት ላይ 5 ደምሩበት። የመጀመሪያዎቹ ወደ 17፣ ሁለተኞቹ ወደ 48 ይወርዳሉ፤ ቅደም ተከተሉም ይስተካከላል።

«አየሁት» እና «ወደድኩት» የሚሉትን አንድ አታድርጉ። ቤት ውስጥ ሪሞቱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። በርጫ ላይም ቴሌቪዥኑ የከፈተውን ሁሉ የተቀመጠው ሰው ያያል።

ሎኬሽን ላይ ግን ቆም በሉ፤ ይህኛው ስህተት ሰው ላይ አደጋ ያመጣል። «350 ሜትር ርቀት ላይ» የሚል ጽሑፍ ፕሮፋይል ላይ መኖር የለበትም። አንድ ሰው ድሬ ላይ ለገሀሬ ቆሞ የአንዲትን ልጅ ርቀት ያነባል፤ ከዚያ ከዚራ፣ ከዚያ ቀፊራ ሄዶ ይደግመዋል። ካርታ ላይ በየቆመበት ዙሪያ ባነበበው ርቀት ልክ ሦስት ክብ ሲሥል ሦስቱ የሚገናኙበት ነጥብ የቤቷ ደጃፍ ነው። ሐሰተኛ ሎኬሽን የሚሰጥ አፕ ከጫነ ደግሞ ከወንበሩ መነሳትም አያስፈልገው። «እኛ እኮ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አጠጋግተን ነው የምናሳየው» የሚል መልስ በየጊዜው ይሰማል። ሰርቨሩ ትክክለኛውን ርቀት ወደ ስልኩ ከላከ፣ ስክሪን ላይ ማጠጋጋት ምንም አይከላከልም፤ የሚላከውን ዳታ መጥለፍ የሚያውቅ ሰው ሙሉውን ቁጥር ያነበዋል። ከነአካቴው ሜትር አትሰብስቡ። ተጠቃሚዋ ሰፈሯን ራሷ ትምረጥ፣ ካልፈለገች «ድሬዳዋ» ብቻ ትበል። ሰፈሩ ውስጥ ቢያንስ 20 ተጠቃሚ እስኪገኝ ድረስም የሰፈሩ ስም ለሌላ ሰው አይታይ።

ሐረር ላይ ነገሩ ይብሳል። የጀጎል ግንብ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ አፕ የተቀዳው «በ1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ» የሚለው ምርጫ 314 ሄክታር ይሸፍናል፤ ጀጎልን ስድስት ጊዜ ይውጠዋል። ስለዚህ ሰፊው ርቀት ማንንም ከማንም አይለይም፣ ጠባቡ ደግሞ ቤቱን ይጠቁማል። እዚያ «ሐረር» ከሚለው በታች መውረድ አያስፈልግም።

ከሎኬሽን ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጣጣ አለ። ቅድም ከፍተኛ ክብደት የሰጠነው ብርቅ ምርጫ ባለቤቱን ያጋልጣል። ድሬ ላይ «24 ዓመት፣ ገንደ ቆሬ፣ የድሮ የሕንድ ፊልም» የሚል ፕሮፋይል ስምና ፎቶ ባይኖረውም የሰፈሩ ልጅ የማን እንደሆነ በደቂቃ ያውቃል። ብርቁን ርዕስ ለማዛመድ ተጠቀሙበት፤ የሚታየው ግን ሁለቱም ለመገናኘት ከተስማሙ በኋላ ይሁን። ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡት።

ስፖይል (ሌላው ገና ያላየውን ታሪክ ቀድሞ መናገር) የሚከለክለው ቁልፍ በክፍል ቁጥር ብቻ ከተሠራ አይሠራም። የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ለውጭ ሲሸጥ 45 ደቂቃ አካባቢ እየሆነ ይቆራረጣል። በካና የሚከታተለው ሰው «ክፍል 30» እና በቴሌግራም ዋናውን አውርዶ የሚያየው «ክፍል 30» በታሪኩ ብዙ ይራራቃሉ። ከክፍሉ ቁጥር ጎን የትኛው ቅጂ እንደሆነ መዝግቡ፤ ቅጂው ካልታወቀ ውይይቱ ተዘግቶ ይቆይ።

የጨዋታ ሰዓትን «ከለንደን 3 ሰዓት እንቀድማለን» ብሎ ኮድ ውስጥ መቸከል ሌላው ነው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። ቅዳሜ ለንደን ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምረው ጨዋታ በነሐሴ እዚህ 11 ሰዓት፣ በታኅሣሥ 12 ሰዓት ላይ ነው። ልዩነቱን ሳይሆን የለንደንን የሰዓት ቀጠና መዝግቡ። ስታሳዩም «ከምሽቱ 2፡30» በሉ፤ «2፡30» ብቻውን ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም።

ስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምራል ብሎ መገመት ድሬ ላይ በተለይ አያዋጣም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው፤ ቁጥሩም በ07 ይነሳል።

ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነዘሮቻቸው አንድ አድርጎ ይመልከት።

ማስታወቂያ ቪዲዮ በራሱ አይከፈት። የሰው ፓኬጅ ነው።

ተራርቆ ፊልም አብሮ ማየት ላይ ቪዲዮውን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው የሚያስተላልፉ አሉ፤ ኔትወርኩ አይችለውም። ፊልሙ በሁለቱም ስልክ ላይ ካለ የሚላከው «ይሄዳል» ወይም «ቆሟል» የሚለውና የደረሰበት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከጥቂት መቶ ባይት አይበልጥም። ልዩነቱ ከ2 ሰከንድ በታች ሲሆን ተዉት። ከዚያ ካለፈ የዘገየውን በ1.05 ፍጥነት አስኪዱት፤ 3 ሰከንድ ወደኋላ የቀረ ሰው በ1 ደቂቃ ይደርሳል፣ ድምፁም መቀየሩ ብዙም አይታወቅም። መብራት ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ግን በዚህ አይደርስም፤ እሱን አፑ «የት ደረሳችሁ?» ብሎ ሳያስጠይቅ በቀጥታ ወደ ቡድኑ ሰከንድ ይውሰደው።