ጥሬ ወተት ገዝታችሁ እርጎ የምታረጉ እንዲህ አድርጉት

ከብት ካላቸው የሰፈር ሰዎች ወተት የምትገዙ፣ በተለይ ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ወይ እርጉዝ ሴት ካለች ይሄን አንብቡት። ብዙ ሰው ጥሬውን ወተት እንዳለ አስቀምጦ ሲረጋ ይጠጣዋል፣ «ከኮመጠጠ ምንም አይኖረውም» ይባላል፣ ግን እንደዛ አይደለም። እኛ አገር ይሄን ነገር በደንብ ያጠኑ ሰዎች አሉ፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እርጎና አይብ ላይ ለአመታት ሰርተዋል፣ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ወተቱ እርጎ እስኪሆን ድረስ ምን እንደሚሆን ሁሉ ተከታትለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወተቱን የሚያኮመጥጡት ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ፣ አሲዱም ሌሎቹን ያዳክማል፣ ግን ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ሰአታት ወተቱ ገና ስላልኮመጠጠ መጥፎዎቹም አብረው ይራባሉ። ሊስቴሪያ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥም ያድጋል፣ እርጉዝ ሴት ላይ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ስለዚ መጀመሪያ ማፍላት፣ ከዛ ማርጋት።

ስትገዙ መቼ እንደታለበ ጠይቁ። ታልቦ ለሰአታት ሙቀት ውስጥ የቆየ ወተት ብታፈሉትም ችግር አለው ምክንያቱም ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ቶክሲን፣ ማለትም መርዝ፣ ያመርታል፣ ባክቴሪያው በእሳት ይሞታል ቶክሲኑ ግን ይቀራል፣ ትውከትና ቁርጠት የሚያመጣው እሱ ነው። ወተት መያዣ ደግሞ እባካችሁ ጀሪካን አትጠቀሙ። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ውስጡ ይቧጨራል፣ ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ተጣብቀው ልስልስ ያለ ሽፋን ይሰራሉ፣ ባይኦፊልም ይባላል፣ በውሃ ብቻ አለቅልቆ መድፋት አያስለቅቀውም። አፉ ሰፊ የሆነ የብረት እቃ ያዙ፣ በሙቅ ውሃና ሳሙና ፈትጉት፣ ገልብጣችሁ አድርቁት። በወይራ ማጠን ጥሩ ነው፣ ጭሱ ባክቴሪያን እንደሚያዳክም ጥናቶች አሳይተዋል፣ ግን ከታጠበ በኋላ ነው የሚታጠነው፣ ማፍላትንም አይተካም።

ማፍላቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረፋው ሲነሳ ወዲያው ማውረዱ ነው። ወተት ሳይፈላ በፊት አረፋው ገንፍሎ ይነሳል፣ ያኔ እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ መሀሉ ራሱ እስኪንተከተክ ጠብቁ፣ ከዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩበት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ያም ይበቃል፣ ፋብሪካ ውስጥ ፓስቸራይዝ የሚደረገው (ጀርሞቹ እንዲሞቱ የሚሞቀው) በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ወይ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። በዚህ ሙቀት ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያም፣ የከብት ቲቢም፣ ሳልሞኔላም፣ ሊስቴሪያም ይሞታሉ።

አሁን ችግሩ ጥሩዎቹም አብረው ስለሚሞቱ የፈላ ወተት ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንደ ጥሬው በደንብ አይረጋም፣ መነሻ ይፈልጋል። መነሻው ራሱ ከጥሬ ወተት የተሰራ እርጎ ከሆነ ግን ያባረራችሁትን መልሳችሁ አስገባችሁ ማለት ነው፣ ስለዚ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱፐርማርኬት ፓስቸራይዝድ የሆነ፣ ስኳርና ፍሬ የሌለበት እርጎ ግዙ። ወተቱን ከድኑትና ለብ እስኪል አቀዝቅዙት፣ ጣት ነክሮ መሞከር የለም፣ በንፁህ ማንኪያ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ሞቅ ብሎ ካላቃጠለ ደርሷል። ለአንድ ሊትር ሁለት ሶስት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምራችሁ አዋህዱ፣ ከድናችሁ ጠቅልሉት፣ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት። ጠዋት ሲረጋ ፍሪጅ ይግባ፣ ለሚቀጥለው መነሻ የሚሆነውን ማንም ሳይነካው ቀድማችሁ ለብቻው አስቀምጡ። መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይ ሮዝ ወይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁበት ሙሉውን ድፉት፣ ላዩን ገፎ መብላት የለም።

ማፍላት የማያወጣው ሌላ ነገር ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ነው። ላሟ የሻገተ መኖ ስትበላ በወተቷ ይወጣል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለው ወተት ላይ የተሰራ ጥናት ዋና ምንጩ የኑግ ፋጉሎ እንደሆነ አሳይቷል፣ ስለዚ ከሻጩ ጋር ቅርበት ካላችሁ ፋጉሎውን እርጥበት የሌለበት ቦታ እንዲያስቀምጥ፣ የሻገተውን እንዳይሰጣት ንገሩት። ላሟ አስወርዳ እንደሆነም ጠይቁት፣ ምክንያቱ ብሩሴላ ሊሆን ስለሚችል።

ጥሬ ወተት ከጠጣችሁ በኋላ፣ ሳምንታት ወይ ወራት ቆይቶም ቢሆን፣ የሚመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ህመም ከጀመራችሁ ከወባና ከታይፎይድ ጋር በቀላሉ ይምታታልና ሀኪሙን «ጥሬ ወተት ጠጥቻለሁ» በሉት፣ ካልነገራችሁት የብሩሴላ ምርመራ ላያዝላችሁ ይችላል።